ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፦ ለመሆኑ የሚጭነው ማን ነው?

«ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።»

ይህን አባባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ከአፋችን አይጠፋም። ልጁን ወደ ሱዳን የሸኘ አባት ይለዋል። ቤሩት ያለችው እህቷ ስልክ አላነሳ ያለቻት ሴት ትለዋለች። ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ የሚሠራ ሰው ሲቸገር ያየ ጎረቤትም ይለዋል።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሰው ከአገሩ ከወጣ ያዘዙትን ይሠራል፣ የሰጡትን ይቀበላል፣ «እኔ እኮ እንዲህ ያለ ቤት ልጅ ነኝ» ቢል የሚሰማው የለም። ማጽናኛም ነው፣ ማስጠንቀቂያም ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን አንድ ነገር አለ። አባባሉን ሁልጊዜ የምንናገረው ለተጫነው ሰው ነው፣ «ቻለው» ለማለት። ስለሚጭኑት ሰዎች ግን ማንም ትንፍሽ አይልም፤ «ቢጭኑት» ሲል እኮ ጫኝ አለ ማለት ነው።

እስቲ መጀመሪያ አባባሉ የተነሳበትን ነገር እንየው። ቅዳሜ ማለዳ ከደምቢያና ከወገራ በኩል እህል ጭነው ወደ ገበያ የሚገቡትን አህዮች ቆም ብሎ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ኩርታኑ ጀርባዋ ላይ ይደረጋል፣ ጭነቱ ግራና ቀኝ ይመዛዘናል፣ ከዚያ ባለቤቷ ጉልበቱን ጎኗ ላይ ተክሎ መጫኛውን ወጠር ያደርግና ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። ጤፍ ይሁን ከሰል፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ፣ እሷን የሚጠይቃት የለም። የፈረስ ነገር ሌላ ነው። ፈረስ ኮርቻ አለው፣ በበዓል ቀን ያጌጣል፣ ሰውም ቆሞ ያየዋል። ግን አፉ ውስጥ ብረት አለ፣ ዛቡም በሌላ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ አባባሉ «ሰው በስደት አንዳንዴ ይዋረዳል፣ አንዳንዴ ይከበራል» ብሎ ብቻ አያበቃም። የተከበረውም ቢሆን መንገዱን የሚመርጥለት ሌላ ሰው ነው ይላል። ይኼኛው ወገን ሲነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለኔ ግን የአባባሉ ጥልቀት ያለው እዚህ ጋ ነው።

ይህ የጭነት ከብት ወሬ ለጎንደር የቤቷ ወሬ ነው። ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ግድም ከቆረቆሯት ወዲህ ከተማዋ የሲራራ ነጋዴ መገናኛ ነበረች። አንዱ መንገድ በመተማ አድርጎ ሱዳን ውስጥ ወዳለችው ስናር ይወርዳል፣ ሌላው በአድዋ በኩል ምጽዋ ይደርሳል፣ ሌላው ጎጃም ይሻገራል። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ ሁሉም የሚሄደው በአህያና በበቅሎ ጀርባ ነው። ክረምት ሲገባ እነ ተከዜ ይሞላሉ፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ነጋዴው ከደረሰበት ቦታ በሰው ደጅ ይከርማል። የሰው ደጅ ደግሞ ምን እንደሆነ ይታወቃል። ቢሆንም መስከረም ሲጠባ ወንዙ መጉደሉ፣ እሱም ወደ ቤቱ መመለሱ አይቀርም። «እስኪመለስ» ለሚለው ቃል ቀን ነበረው ማለት ነው። መከራው የሚያልቅበት ቀን የታወቀ ከሆነ አህያ መሆንም ይቻላል።

እንግዶቻችንም ይህን ቀምሰውታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የአባይን ምንጭ ፍለጋ በ1770 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎንደር ገባ። የጠበቀው የፈንጣጣ በሽታ ነበር። ቁስቋም፣ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ውስጥ፣ የታመሙትን እንዲያክም ተደረገ። ቆይቶ የዐፄ ተክለ ሃይማኖት ባለሟል ሆነ፣ ፈረሰኛ ጦር እንዲመራም ተሾመ። ምንጩን ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ በዚያው ዓመት አየ፤ ከጎንደር የወጣው ግን በ1771 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ለመሄድም የንጉሡን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ሹመቱ ሹመት ነው፣ ግን ልጓም ያለበት ሹመት ነው። ከሱ በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመጣው ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ደግሞ የባሰ ነው። መሬት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ተከበረ፣ መውጣት ብቻ ተከለከለ። የአገሩ መልእክተኞች በ1520 እ.ኤ.አ. መጥተው ሲያገኙት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። አገሩ ሳይመለስ እዚሁ ቀረ።

ወደ ዛሬው ልምጣ። እኛ ሠፈር ተከራይቶ ይኖር የነበረ ከህንድ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ሁላችንም «ቲቸር» ነበር የምንለው። ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባማ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ፣ የፈለገበት ምግብ ቤት ገብቶ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን እያነሳ ደስ ብሎት ይበላል። «እናንተ ስትጾሙ እኔ እፈስካለሁ» ይለን ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ይጨንቀዋል፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ዶሮ ወጥ ካልበላህ ይለዋል፣ እምቢ ማለት አይችልበትም። በሰዓት አቆጣጠራችን ብዙ አልተቸገረም፣ ቶሎ ለመደው። ያቃተው ውሃ ነው። ውሃ ሲጠፋ፣ ጎንደር ውስጥ ደግሞ መጥፋቱ የተለመደ ነው፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዞ ከሰው ጋር ይሰለፋል። ጠዋት ተማሪው ሁሉ የሚነሳለት ሰው ማታ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ እናየው ነበር። አባባሉ ከነሁለት ጎኑ አንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ቀን።

ታዲያ አንድ ማታ ማዶ ያሉት እትዬ አዩትና ልጃቸውን ጠርተው ተቆጡት። «እንግዳ ውሃ ተሸክሞ ሲያልፍ ቆመህ ታያለህ? ነውር አታውቅም?» አሉት። ልጁ ሮጦ ጀሪካኖቹን ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ ለቲቸር ውሃ የሚቀዳለት ልጁ ሆነ፣ ቲቸርም ማታ ማታ ሒሳብ ያስጠናው ጀመር። እትዬ አባባሉን አልተረቱበትም። ጭነቱን አወረዱለት።

እንዲህ ያለ ደግነት እያለን ለገዛ ልጆቻችን ሲሆን ግን ምን እንደሚነካን አላውቅም። በነርስነት የተመረቀች ልጅ ዐረብ አገር ሰው ቤት ወለል ትወለውላለች። እዚህ መሐንዲስ የነበረው ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ከንፈራችንንም እንመጣለን። ከዚያ ማታ በአይሞ እንደውላለን። የታናሽ ወንድም ትምህርት፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የአጎት ልጅ ሠርግ፣ የእድር እዳ። አንዱም ብቻውን ከባድ አይደለም። ችግሩ ሁሉም አንድ ጀርባ ላይ መውጣቱ ነው። ወር ሲዘገይባት ደግሞ «ጠፋሽሳ፣ ረሳሽን እንዴ?» እንላታለን። የሚጭናት አሠሪዋ ብቻ ነው ብለን እናስባለን፤ መጫኛውን በዚያኛው በኩል ወጥረን የያዝነው ግን እኛ ነን።

አንድ የቆየ ግጥም አለ፣ ከዚህ አባባል ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ የምወደው።

«ሰው ባገሩ፣ ሰው በወንዙ፣
ቢበላ ሣር ቢበላ መቅመቆ፣
ይከበር የለም ወይ ሰውነቱ ታውቆ።»

ልብ በሉ፣ በአገሩ ያለው ሰው ሣር ቢበላ እንኳ ሰው ነው። ከአገሩ የወጣው ግን ጥሬ ሥጋና ጠጅ ቢቀርብለትም አህያ ወይ ፈረስ ነው። ሰው የሚያደርገው የሚበላው አይደለም፣ የሚያውቀው ሰው መኖሩ ነው። እትዬ ለቲቸር ያደረጉለት ይህንኑ ይመስለኛል። ሠፈሩ ውስጥ የሚያውቀው ሰው እንዲኖር አደረጉት።

ይህ አባባል የማይባልበትም ጊዜ አለ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ወገኖቻችን በመተማ በኩል ተመለሱ። አንዳንዱ የያዘው የለበሰውን ብቻ ነው። ከካርቱም የመጣ የአንድ ጎረቤታችን ልጅም ነበር። እንኳን ደህና መጣህ ልንለው ቤታቸው ተሰብስበን ቡና እየተፈላ ሳለ አንድ ዘመዳቸው «ይህን ሁሉ ዓመት ለፍተህ ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ ጠየቀውና መልስ ሲያጣ ሲያየው ጊዜ «ምን ይደረግ፣ ከአገሩ የወጣ...» ብሎ ጀመረ። እናትየዋ አላስጨረሱትም።

«ጋሼ፣ ተመልሷል እኮ። ተረቱ እስኪመለስ ነው የሚለው» አሉት።

እውነታቸውን ነው። «እስኪመለስ» ካለ ደጁን ለረገጠ ሰው አይሠራም። ለተመለሰ ሰው ቡናው ይቀዳለታል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ይተኛል፣ ምን ይዞ እንደመጣ አይጠየቅም። ለራሱ ሲመቸው ያወራል። ልጁ ለብዙ ሳምንት ምንም አላወራም ነበር፣ እናቱም አልጎተጎቱትም። አሁን አዘዞ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፣ የካርቱሙንም ነገር እየቆየ ያጫውተናል።