ማሪን ዋንን የሚያበረው ስኳድሮን

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከዋይት ሐውስ ግቢ የሚነሱበትን ሄሊኮፕተር በቴሌቪዥን ያላየ ሰው አይኖርም። አናቱ ነጭ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴ። ደረጃው አጠገብ አንድ ማሪን፣ ማለትም የአሜሪካ ባህር ወለድ እግረኛ ጦር ወታደር፣ ክቱን ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል። ይህን ሄሊኮፕተር የሚያበረው ስኳድሮን፣ ማለትም የማሪኖች የበረራ ቡድን፣ ኤች ኤም ኤክስ ዋን ይባላል። «ኤክስ» የተባለችው ፊደል ሙከራን ታመለክታለች። ስኳድሮኑ ሲቋቋም ፕሬዚዳንት ያመላልሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የነገሩ መነሻ የአቶሚክ ቦምብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ቢኪኒ ደሴቶች ላይ የተደረገውን ሙከራ የማሪኖቹ ጄኔራል ሮይ ጋይገር ቆመው ተመልክተዋል። የማሪኖች ዋና ሙያ ደግሞ ወታደርን ከመርከብ በጀልባ አውርዶ የጠላት ዳርቻ መያዝ ነው። ለዚህም ብዙ መርከብ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ከእንግዲህ ግን ለዚያ ሁሉ መርከብ አንድ ቦምብ ይበቃዋል። ጋይገር ሌላ ዘዴ ይፈለግ ብለው ለበላያቸው ጻፉ። መርከቦቹ ተራርቀው ይቁሙ፣ ወታደሩም በአየር ይግባ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ስኳድሮኑ ዲሴምበር 1 ቀን 1947 በቨርጂኒያ ኳንቲኮ ተቋቋመ። የመጀመሪያው አዛዥ ኮሎኔል ኤድዋርድ ዳየር ነበሩ። በሜይ 1948 አምስት ሄሊኮፕተሮች ፓላው ከተባለችው መርከብ ተነስተው፣ ኖርዝ ካሮላይና የባህር ዳርቻ ላይ 66 ማሪኖችን አወረዱ። የዚያን ጊዜዋ ሄሊኮፕተር ከአብራሪው ሌላ ቢበዛ ሦስት ሰው ነው የምትይዘው። ስለዚህ ሲመላለሱ ዋሉ። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ለእኔ የስኳድሮኑ ትልቁ ቀን ይሄ ነው። ዛሬ በየአገሩ ወታደር በሄሊኮፕተር ሲገባ የምናየው ያኔ የተሞከረውን ነው።

የፕሬዚዳንቱ ሥራ የመጣው በአጋጣሚ ነው። በሴፕቴምበር 1957 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ለዕረፍት ሄደው ሳለ በአስቸኳይ ዋሽንግተን ተፈለጉ። አውሮፕላናቸው ያለው ከባህሩ ማዶ ነው። በጀልባ፣ ከዚያ በመኪና ቢሄዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የስኳድሮኑ ሄሊኮፕተር በ7 ደቂቃ አደረሳቸው። ከዚያ በኋላ ማን ወደ ጀልባ ይመለሳል?

እስከ 1976 ድረስ ማሪኖቹ ፕሬዚዳንቱን የማመላለሱን ሥራ ከምድር ጦሩ ጋር ተጋርተውታል። ኒክሰን በ1974 ሥልጣን ለቀው ከዋይት ሐውስ ሲወጡ የተሳፈሩበትም የምድር ጦሩ ሄሊኮፕተር ነው። ከ1976 ወዲህ ግን ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የማሪኖቹ ሆነ። «ማሪን ዋን» የአንድ ሄሊኮፕተር ስም አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ የተሳፈሩበት የማሪኖች አውሮፕላን ሁሉ የሚጠራበት የሬዲዮ ስም ነው። ፕሬዚዳንቱ ሲበሩ መልካቸው አንድ የሆነ ሌሎች ሄሊኮፕተሮች ያጅቧቸዋል፤ አየር ላይ ቦታ እየተለዋወጡ ስለሚሄዱ የትኛው ውስጥ እንዳሉ ከታች ሆኖ መለየት ያስቸግራል።

የሙከራው ሙያም አልቀረም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያገለገለውን ሲ ኪንግ እንዲተካ ቪ ኤች 92 ኤ የተባለ ሄሊኮፕተር ተሠራ። በ2018 ዋይት ሐውስ ግቢ ሲሞከር ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ሣሩን አቃጠለው። ሣር ምን ቁም ነገር አለው ሊባል ይችላል። ግን ፕሬዚዳንቱ የሚሳፈሩት እዚያው ሣር ላይ ነው። ጉዳዩ ዓመታት ወሰደ። በኦገስት 2024 ባይደን በአዲሱ ሄሊኮፕተር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፈሩ። የተሳፈሩት ግን ቺካጎ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አስፋልት ላይ ነበር።