ቁስሉ ደረቀ እንጂ ቂጥኙ አልለቀቀም

ደሴ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የምውል ሰው ነኝ። አንዳንዱ ደንበኛ ሌላው ሰው እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና የሚመርጥ መስሎ ይቆይና ጠጋ ብሎ «ዶክተር፣ ብርድ መትቶኝ ነው፤ ጥቂት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ብርዱም ብርድ አይደለም። የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ሰርስሮ እንደሚገባ የደሴ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከብልት መግል ግን አያስወጣም።

ወንድ ሲሸና ካቃጠለውና መግል የመሰለ ፈሳሽ ካየ አብዛኛውን ጊዜ ጨብጥ ነው፤ ካልሆነም ክላሚዲያ የተባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ፣ አንዳንዴም ሁለቱ አንድ ላይ። ጨብጥ ብዙውን ጊዜ ከግንኙነት በኋላ ከ2 እስከ 7 ባሉት ቀናት ብቅ ይላል። በዚያ ሳምንት የት እንደነበረ ራሱ ያውቃል፤ እኔ አልጠይቅም።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ። ጨረቃ ወይም ፀሐይ ፊት ለፊት መሽናት ጨብጥ አያመጣም። የጋለ ድንጋይ ላይ መቀመጥም አያመጣም። የመናኸሪያ ሽንት ቤትም፣ ቆሻሻነቱ ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ጥፋተኛ አይደለም፤ ተህዋሲው ከሰው ገላ ውጭ ቶሎ ይሞታል።

«ጤና ጣቢያ ሄጄ ላብራቶሪ ሳያዩ መድኃኒት ሰጡኝ» የሚል ቅሬታም አለ። ቸልተኝነት አይደለም። ምልክትን አይቶ ማከም የአገሪቱ መመሪያ የሚያዘው አሠራር ነው፤ ሰውየው ለውጤት ተመላለስ ሲባል ይጠፋል፣ ጠፍቶም ያስተላልፋል። ስለዚህ ፈሳሽ ላለው ሰው ጨብጡንም ክላሚዲያውንም የሚሸፍን ሕክምና በአንዴ ይሰጠዋል፦ ብዙውን ጊዜ የሴፍትሪያክሶን መርፌ ከአዚትሮማይሲን ወይም ከዶክሲሳይክሊን ጋር። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ይህን አይሠራም። ፔኒሲሊንንና ወገኑን አሞክሳሲሊንን የሚሰባብር የጨብጥ ተህዋሲ ከታወቀ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን ሌላ አንቲባዮቲክም እንዲሁ ለምዶታል። ሁለት ቀን ውጦ ማቃጠሉ ቀለል ያለለት ሰው የቀረውን ለወንድሙ ሲያካፍል ሳይ ደሜ ይፈላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ «ቁስል ወጥቶብኝ ነበር፣ ግን ራሱ ጠፋ፤ ድኛለሁ።»

የቂጥኝ ቁስል ተፈጥሮው መጥፋት ነው። ከግንኙነት በኋላ ከ10 እስከ 90 ባሉት ቀናት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይወጣል። በአብዛኛው አንድ ብቻ ነው፣ ጠርዙ ጠንከር ይላል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አያምም። ያላመመውን ማን ያክማል? ከዚያ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ መድኃኒት ቢወሰድም ባይወሰድም ይደርቃል። በዚያ መሐል ሰውየው ቅጠል ነስንሶበት ከሆነ ቅጠሉ ይመሰገናል፣ ቅባት ገዝቶ ከሆነ ቅባቱ። ባክቴሪያው ግን በደም ገብቶ ጉዞውን ቀጥሏል።

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚመላለስ አንድ ሾፌር የአለርጂ ቅባት ሊገዛ መጣ። መዳፉ ላይ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ፤ አያሳክኩም። «ጋሼ፣ ጫማዎን ያውልቁልኝ» አልኩት። ግራ ገብቶት አወለቀ፤ ውስጥ እግሩም እንደዚያው ነው። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ የማያሳክክ ሽፍታ ሳይ ቅባት አልሸጥም፤ የደም ምርመራ እንዲያደርግ ላክሁት፣ ቂጥኝ ሆኖ ተገኘ። ቁስል ነበረብህ ወይ ሲባል «ነበረ፣ ግን ከወራት በፊት ድኗል» አለ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ያልታከመ ቂጥኝ ጽንሱን ሊገድል፣ ወይም ሕፃኑ ታሞ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የቂጥኝ ደም ምርመራ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ እናንተ «አራት ወር ሲሞላኝ እሄዳለሁ» እያላችሁ የምትገፉት።

ያ ሽፍታም ይጠፋል። ቀጥሎ ምንም ምልክት የሌለበት፣ ለዓመታት የሚዘልቅ ጊዜ ይመጣል። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የጤና ምርመራ ሲያደርጉ በዚያው ቂጥኝ እንዳለባቸው የሚያውቁ የወሎ ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ «ምንም አሞኝ አያውቅም» ብለው ያለቅሳሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ሳይታከም ከቆየ ልብን፣ ትልቁን የደም ቧንቧና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል።

ሕክምናው ደግሞ ርካሽ ነው፦ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ በመርፌ። ዓመት ላልሞላው አንድ ጊዜ፤ ለቆየው ወይም መቼ እንደያዘ ለማይታወቀው በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት። መርፌውን በተወጉ በሰዓታት ውስጥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚላቸው አሉ። ይህ ባክቴሪያው ሲሞት የሚመጣ ነው፣ በአንድ ቀን ያልፋል፤ «መርፌው አልተስማማኝም» ብላችሁ የቀረውን አታቋርጡ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን ብርድ ብርዱ ሲጀምራችሁ ለሐኪም ንገሩ። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰውም ከመወጋቱ በፊት ይናገር። ከታከሙ በኋላ ውጤቱ ወዲያው የሚታወቀው ፈጣኑ የደም ምርመራ ዕድሜ ልክ ቂጥኝ አለ ሊል ይችላልና ደጋግሞ በእሱ መረበሽ አያስፈልግም፤ መዳናችሁን የሚያሳየው ቪዲአርኤል ወይም አርፒአር በሚባለው ሌላ የደም ምርመራ የሚታየው መጠን መውረዱ ነው።

«ሚስቴ ምንም የላትም፣ እኔ ብቻ ልታከም» የሚለው የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። ጨብጥም ክላሚዲያም ብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳዩም። ዝም ብለው ወደ ማኅፀን ቱቦ ይወጣሉ፣ ቱቦውን ያጠባሉ፣ ይዘጋሉ። ከዓመታት በኋላ ልጅ አልመጣ ሲል ጠበል ለጠበል፣ ሼህ ለሼህ የምትዞረው እሷ ናት፤ «መካን» የምትባለውም እሷ።

በሌላ በኩል ሴት ፈሳሽ ባየች ቁጥር ባሏን አትጠርጥር፣ እሱም እሷን አይክሰስ። እርጎ የመሰለና የሚያሳክክ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ፣ በእርግዝና ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ እኔ ዘንድ ከመምጣታችሁ በፊት ሁለት ሆናችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እኔ ዘንድ በሐኪም ማዘዣ ትመለሳላችሁ። የኤችአይቪ ምርመራም አብራችሁ አድርጉ፤ የአባላዘር ቁስልና ፈሳሽ ቫይረሱ በቀላሉ እንዲገባ ያደርጋሉ። ሁለታችሁም መድኃኒቱን እስክትጨርሱ፣ ባንድ ጊዜ የሚወሰድ ከሆነም ከተወሰደ 7 ቀን እስኪሞላ፣ ግንኙነት አይኖርም። አንዱ ታክሞ ሌላው ሳይታከም ከተገናኛችሁ በወሩ ተመልሳችሁ «ያ መድኃኒት አልሠራም» ትሉኛላችሁ።