ሚቲንግ ሃውስ ምንድን ነው?

«በ1638 የተሠራው የአሜሪካ የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ጽሑፍ ሰሞኑን ከነፎቶው እንደገና መዞር ጀምሯል። ፎቶው በሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ያለው ነጭ ሕንፃ ነው፤ ሕንፃው ግን የ1775 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። 1638 ሮጀር ዊሊያምስ የምእመናኑን ጉባኤ የመሠረተበት ዓመት ነው። ያኔ የሚሰበሰቡት በየሰው ቤት ነበር። በ1700 ፓስተራቸው ፓርደን ቲሊንግሃስት በራሱ ገንዘብ ትንሽ ቤት ሠራላቸው፣ በ1726 ሌላ ተተካ፤ ዛሬ የቆመው ሦስተኛው ነው።

ለስህተቱ ቋንቋችንም ተጠያቂ ነው። «ቤተ ክርስቲያን» ስንል ምእመኑንም ግድግዳውንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ለቀደሙት ባፕቲስቶች ቤተ ክርስቲያን ማለት አምነው የተጠመቁት ሰዎች ናቸው፤ ሰዎቹ የሚሰበሰቡበት ጣሪያ ሚቲንግ ሃውስ፣ ማለትም መሰብሰቢያ ቤት ነው። ታቦት የለበትም፣ መቅደስና ቅድስትም አልተከፈለለትም። የፕሮቪደንሱ ከመነሻው የታሰበው ለአምልኮና ለኮሌጅ ምርቃት ነበር፤ የከተማዋ ሕዝብ 4,500 ባልሞላበት ዘመን ጎኑ 80 ጫማ የሆነ አዳራሽ የተሠራውም ለዚሁ ነው።

እድርን አስቡት። እድሩ የሚቆጠረው መዝገቡ ከተከፈተበት ቀን ነው፤ ድንኳኑ ከዓመታት በኋላ ይገዛል፣ ሲቀደድ ይለወጣል። ድንኳኑን አይቶ የእድሩን ዕድሜ የሚናገር የለም። አሮጌ ድንኳን ከሌላ እድር የገዛም ይኖራል፤ ያኔ ድንኳኑ ከእድሩ ይበልጣል።

ይህም በእንግሊዝ ትንሽ ከተማ በቱክስበሪ ደርሷል። ከጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያለው የድሮው ባፕቲስት ጸሎት ቤት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በእንጨት ማዕቀፍ የተሠራ መኖሪያ ነበር፤ ባፕቲስቶች የገቡበት በ17ኛው ነው። አንድ አስተያየት ሰጪ «እንግዲያው ባፕቲስቶች በ1400ዎቹ ነበሩ» ብሎ ይከራከራል። አልነበሩም። በ1664 የወጣው ሕግ ከቤተሰብ ውጭ ከአምስት ሰው በላይ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውጭ ለአምልኮ እንዳይሰበሰብ ስለከለከለ፣ ከውጭ ሲታይ ተራ ቤት የሚመስል ነገር እንከን ሳይሆን ጥቅም ነበር። ከወለሉ ሥር ያለው የጥምቀት ገንዳም የቤቱን ዕድሜ አይናገርም፤ ገንዳ ኋላ ተቆፍሮ ይገባል፣ ከዚያ በፊት በወንዝ ይጠመቃል።

«ፈርስት ባፕቲስት» የሚለው ስምም ብዙውን ጊዜ በዚያች ከተማ የመጀመሪያው ማለት ብቻ ነው።

የሕንፃውን ዕድሜ የሚፈልግ ሰው ከበሩ በላይ ያለውን ድንጋይ ትቶ ጣሪያው ሥር ይውጣና ምስማሩንና እንጨቱን ይመልከት። ድንጋዩ ላይ የጉባኤው ዓመት ተቀርጾ ይገኛል፣ ወይም ከፈረሰው ቤት ተነቅሎ የመጣ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ በእጅ የተቀጠቀጠ ምስማር ባመዛኙ ከ1800 በፊት ነው፤ ከዚያ እስከ 1890ዎቹ ገደማ ከብረት ሰሌዳ የተቆረጠው፣ ቀጥሎ ክቡ የሽቦ ምስማር ይመጣል። ምስማር ግን ለጥገናም ይመታል፣ አሮጌውም ተነቅሎ ዳግም ይሠራበታል፤ ስለዚህ መታየት ያለበት ዋናዎቹን ተሸካሚ እንጨቶች የያዘው ነው። የዛፍ ቀለበት ቆጠራ፣ ማለትም በእንጨቱ ውስጥ በየዓመቱ የሚጨመሩትን ክቦች ማጥናት፣ ከሁሉም ይሻላል፤ እንጨቱ የተቆረጠበትን ዓመት በትክክል የሚሰጠው ግን ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻ ቀለበት ሳይጠረብ ከቀረ ነው። ጠራቢው ያንን ጠርዝ ካነሳው፣ የሚገኘው «ከዚህ ዓመት በኋላ» የሚል መልስ ብቻ ነው።