«ግማሽ በግማሽ» ምንድን ነው? ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት መኪና ሲጋጭ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው እንበል። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት መዝናኛዎች አንዱ ግቢ ውስጥ ሠርግ አለ፤ ፓርኪንጉ ጢም ብሏል። አንድ ሃይሉክስና አንዲት ቪትዝ ጀርባ ለጀርባ ቆመው እኩል ወደኋላ መውጣት ጀመሩ። ጥበቃው ሃይሉክሱን «ና፣ ና፣ ና» ይለዋል፤ ቪትዟን አላያትም። ጓ! የቪትዟ የኋላ መብራት ረገፈ፣ የሃይሉክሱ ፓራውልት ላይ ጭረት እንኳ የለም። ሁለቱም ሾፌሮች ወርደው «አንተ ነህ የገጨኸኝ!»

ማን ይክፈል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 መልስ አለው። ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ከተጋጩ፣ ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመታል። የሁለቱም ጉዳት ይደመርና እያንዳንዱ ባለቤት ግማሹን ይሸፍናል። «ሁሉም የራሱን ያሠራ» ማለት ግን አይደለም። ቪትዟን ለማሠራት 20 ሺህ ብር ቢያስፈልግና ሃይሉክሱ ምንም ባይሆን፣ የሃይሉክሱ ባለቤት 10 ሺህ ያወጣል። ይህ ነው ግማሽ በግማሽ።

«እኩል ምክንያት ናቸው» የሚለው ግምት የሚፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንዱ ሾፌር ጥፋት እንደደረሰ ሲረጋገጥ ነው። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ዋና መንገድ ላይ መስመር አለ፣ ምልክት አለ፣ ማን ቅድሚያ እንዳለው ይታወቃል። ኮረት የፈሰሰበት ግቢ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም፤ ስለዚህ እውነት ይዞ ማስረጃ ያልያዘ ሰው ግማሹን ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ በቦታው ቆሞ የተገጨ መኪና ግን ብዙም አይቸገርም፣ መውጫ ዘግቶ ካልቆመ በቀር።

እና ምን ይደረግ? መኪናው ሳይነቃነቅ ፎቶ! ከኋላ የተደረደሩት ባጃጆች ክላክሳቸውን ያስጮሁ፣ አንድ ደቂቃ ቢታገሡ ምንም አይሆኑም። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ሁለቱንም መኪኖች ከነአካባቢያቸው አንሱ። ከዚያ ቀረብ በሉ፦ ታርጋ፣ የፊት ጎማ ወዴት እንደታጠፈ፣ መሬት ላይ የረገፈው መስታወት። ስብርባሪው ግጭቱ የት ቦታ እንደሆነ ይጠቁማል። የኋላ ማርሽ ነጭ መብራት በርቶ ከሆነ እሱም ይግባ፤ «እኔ ቆሜ ነበር» የሚል ሰው ሲመጣ ይጠቅማችኋል። ግቢው ካሜራ ካለው በዚያው ቀን ጠይቁ።

ሰው ከተጎዳ ይህ ሁሉ ይቆይ። መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ፖሊስም ይጠራ።

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው። የሚሸፍነው ግን በሌላው ሰው አካልና ንብረት ላይ ያደረሳችሁትን ነው፣ ያውም እስከተወሰነ ጣሪያ። የራሳችሁን መኪና ለማሠራት ሙሉ መድን ያስፈልጋል። መድን ድርጅቱ ሳያየው ባትላሜራ ቤት አታስገቡት። በሽምግልና ልጨርስ የሚል ካለም ጥሩ ነው፣ እኔም ለትንሽ ጭረት ፍርድ ቤት መመላለሱ አይታየኝም፤ ግን መድኑን ሳያማክር ገንዘብ እከፍላለሁ አይበል፣ ስምምነቱም መጠኑ ተጽፎ ይፈረምበት።

የፓርኪንግ ግጭትን መነሻ ካያችሁት ብዙው ወደኋላ ሲወጣ የሚፈጠር ነው። ሃይሉክስን የመሰለ ከፍ ያለ መኪና ከኋላው ያለን ባጃጅ፣ ብስክሌት ወይም ሕፃን ልጅ በመስታወት አያሳይም። ባሕር ዳር ደግሞ ብስክሌት በየት በኩል ብቅ እንደሚል አይታወቅም። በአፍንጫ ከመግባት ይልቅ ሲገቡ በጀርባ ገብቶ ሲወጡ ፊት ለፊት መውጣት ይሻላል፤ መንገደኛው ከፊታችሁ ነዋ። «ና ና» የሚለውን ልጅም ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ቢገጭ የሚጠየቀው መሪ የያዘው ነው።

የገጫችሁት መኪና ባለቤት ከሌለስ? ፎቶ አንሱ፣ ጥበቃውን አስጠሩት፣ ካልተገኘ ስምና ስልካችሁን ጽፋችሁ የመስታወት መጥረጊያው ሥር አስገቡ፣ ለትራፊክ ፖሊስም አሳውቁ። ገጭቶ መጥፋት ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው። የተዋችሁትን ወረቀትም ፎቶ አንሱት፤ ነፋስ ሊወስደው ይችላል።