2,147,483,647 ምንድን ነው?

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። ጠርተው እስኪጨርሱት ትንፋሽ ያሳጥራል። ሲያዩት እንዲሁ በዘፈቀደ የተደረደረ አሃዝ ይመስላል። እኔ ግን ከትልልቅ ቁጥሮች አንዱን ምረጥ ብባል ያለማመንታት እሱን ነው የማነሳው።

እስቲ በገንዘብ እንየው። ዛሬ 1 ብር አስቀመጥክ እንበል። ነገ 2፣ ከነገ ወዲያ 4፣ ቀጥሎ 8። እንዲህ በየቀኑ እጥፍ እያደረግክ ወሩን ጨርሰህ አንድ ቀን ብትጨምርበት፣ በ31ኛው ቀን የተጠራቀመው ብር በትክክል 2,147,483,647 ይሆናል። በሌላ አነጋገር 31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ 1 መቀነስ ነው። ኮምፒውተር በሚያውቀው በ0 እና በ1 ሲጻፍ ደግሞ 31 አንዶች ይደረደራሉ። አንድም ዜሮ የለበትም።

ይህ ብቻ አይደለም። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ይህን ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፣ በ1772 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ያኔ ሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ነበር፤ ዓይኑም ደክሞ ማየት ተስኖት ነበር። እንዴት ቻለ? አካፋይ ካለው ቢያንስ አንዱ ከ46,341 በታች መገኘት አለበት። እነዚያን አንድ በአንድ መሞከር ግን ዕድሜ ይፈጃል። ኦይለር ብልሃት ነበረው፦ ቁጥሩን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይም 63 ማስቀረት አለበት። በዚህ ወንፊት ሲያልፉ የሚሞከሩት ከ400 በታች ሆኑ። ከብቸኞቹ የመጀመሪያው 311 ነው። ወረቀት አውጥታችሁ አካፍሉት፤ 6,905,092 ይደርስና 35 ይተርፋል። አልሆነም። ቀጣዩ 1,303 ነው፤ 226 ይተርፋል። እሱም አልሆነም። እስከ መጨረሻው አንዱም እኩል አላካፈለውም። ከዚያ በኋላ ከ80 ዓመት በላይ፣ በዓለም ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ።

ዛሬ ፕሮግራመሮች የሚያውቁት በሌላ ምክንያት ነው። ቁጥር በ32 ቢት (ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚያዝበት አንድ ቦታ ነው) ሲቀመጥ አንዱ ቢት ለፖዘቲቭና ለኔጋቲቭ ምልክት ይያዛል። የቀሩት 31 ሁሉም 1 ሲሆኑ ጣሪያው ይህ ቁጥር ነው። የቆዩ ሲስተሞች ደግሞ ጊዜን የሚይዙት በሰከንድ ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970። ታዲያ ጣሪያው የሚነካው መቼ ነው? ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይላሉ። ወደኛ አቆጣጠር ስመልሰው አፌን ይዤ ቀረሁ። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ሆነ፤ ጥምቀት! ሰዓቱ በአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ጥምቀተ ባሕሩን ከቦ የሚቆምበት ሰዓት።

በቀጣዩ ሰከንድ፣ ያልታደሰ ማሽን ቁጥሩ ወደ ኔጋቲቭ ይገለበጥበታል። ቀኑንም ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ብሎ ያነበዋል፤ አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ያሉበት ዘመን። አዳዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ጊዜን በ64 ቢት ስለሚይዙ አይነካቸውም። የሚያሰጋው ፋብሪካና ኔትወርክ ውስጥ ተቀብረው፣ ማንም ሳይነካቸው ለዓመታት የሚሠሩት ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው።