ርግብና የአዳማ ሙቀት

አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቷ ይበረታል፤ ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ርግብ የሚያረባ ሰው ግን ከፀሐዩ ይልቅ የርግብ ቤቱን ቆርቆሮ ጣሪያ ይፍራ። ዛፍ ጥላ ስር ደህና የነበረው አየር ቆርቆሮ ስር ሲገባ ምጣድ ነው።

ርግብ የላብ ዕጢ የላትም። ሲሞቃት ምንቃሯን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፎቿን ከገላዋ ታርቃለች። ይሄ ሁሉ ውሃ ይጨርሳል። አጠጣጧም ለየት ይላል። ዶሮ ጎንጨት አድርጋ ቀና ትላለች፤ ርግብ ምንቃሯን ነክራ ሳታቋርጥ ትምጋለች። ስለዚህ ምንቃሯን የሚያሰጥም ዕቃ ያስፈልጋታል። ያልተቀባ ሸክላ ከፕላስቲክ ይሻላል፤ እርጥበት በስሱ ስለሚያወጣ ውሃው ይቀዘቅዛል። ውሃው ጠዋትና ቀትር ላይ ይቀየር፤ ኩስ የገባበት ውሃ በሽታ ያዛምታል። ለመታጠቢያ ደግሞ ሳፋ ውስጥ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። ታጥበው ሲጨርሱ ወዲያው ይደፋ፣ አለዚያ ይጠጡታል።

ቆርቆሮው ላይ ሰሌን ወይም ሳር በስንዝር ክፍተት ከፍ አድርጎ ማልበስ ነው። ከጣሪያው ሥር በሽቦ የተሸፈነ መተንፈሻ ይተው፤ ትኩስ አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ነፋስ እንደሆነ አዳማ አያጥርም፤ ኮረብታዎቿ ላይ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም። አቧራው ነው አስቸጋሪው። በሩ ወደ ምሥራቅ ቢዞር የከሰዓቱ ፀሐይ ከጀርባ ይመታል።

ብዙ ሰው የሚስተው የጎጆውን ቦታ ነው። ርግብ ከፍታ ትወዳለች፣ ሙቀትም የሚጠራቀመው እዚያው ነው። ሁለት እንቁላል ጥላ 17 ወይም 18 ቀን ይታቀፋሉ፣ በየተራ። ወንዱ የሚታቀፈው ከረፋድ እስከ ማምሻው ነው፤ ሌሊቱ የሴቷ ነው። የቀኑን ሐሩር ለባሏ ትታለታለች፣ ብልጥ ናት! ጫጩቶቹ ግን የሚሸሹበት የላቸውም። በሙቀቱ ወራት የላይኛው የጎጆ ረድፍ ቢዘጋ ጥሩ ነው።

እህል ጠዋት በማለዳና ወደ ማምሻው ይሰጥ፤ መፍጨትም ራሱ ሰውነትን ያሞቃል። ክንፏን ጥላ የምትንገዳገድ ርግብ ካለች በረዶ ውሃ ውስጥ አይነክሯትም። ጥላ ስር አስቀምጦ እግሯን በለዘብተኛ ውሃ ማርጠብ፣ ከዚያ ራሷ እንድትጠጣ ውሃውን ማቅረብ ይበቃል።