ዴሲቤል ማይክሮቮልት፣ ዴሲቤል ሚሊዋት እና ኢምፔዳንስ
በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ከጣሪያ ዲሽ ወደ ቤቶች ኬብል የሚዘረጉ ባለሙያዎች በአንድ መስመር ላይ የሲግናሉን ጥንካሬ አንዱ መለኪያ 64፣ ሌላው ከዜሮ በታች 45 ዴሲቤል አድርጎ ሲያሳያቸው አንደኛው ተበላሽቷል ብለው ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም፤ ሆኖም ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዴሲቤል ንጽጽር እንጂ መጠን ስላልሆነ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ካልተገለጸ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። የመጀመሪያው፣ ዴሲቤል ማይክሮቮልት፣ ቮልቴጅን ከ1 ማይክሮቮልት ጋር፣ ሁለተኛው፣ ዴሲቤል ሚሊዋት፣ ኃይልን ከ1 ሚሊዋት ጋር ያነጻጽራል። አንዱን ወደ ሌላው ለመለወጥ ኢምፔዳንስን፣ ማለትም በኬብሉ የሚጓዘው ሲግናል የቮልቴጁንና የከረንቱን ጥምርታ፣ ማወቅ ግድ ነው፤ ኃይል የሚገኘው የቮልቴጅ ካሬ ለኢምፔዳንስ ሲካፈል ነውና። ስለዚህ 1 ሚሊዋት በ75 ኦም የቴሌቪዥን ኬብል 108.75 ዴሲቤል ማይክሮቮልት ሲሆን፣ በ50 ኦም የመገናኛ ሬዲዮ ኬብል ግን 107 ገደማ ነው።